ከገጀራ ትንሽ የሚያንሰው ቢላዋ

እኔ ስለት የምፈራ ሰው ነኝ። ይህን ከመነሻው ብነግራችሁ ይሻላል፤ ኋላ «ታዲያ ምን ጥልቅ አደረገህ?» እንዳትሉኝ። ደሴ ልጅ ሆኜ፣ ለዒድ በግ ሲታረድ ጀሪካን አንጠልጥዬ ውሃ ልቀዳ የምሮጠው እኔ ነበርኩ። በርሜሉ ሞልቶ በሚፈስበት ቀን ሳይቀር። እናቴ «ይህ ልጅ ሲታዘዝ» እያለች ትመርቀኝ ነበር። እንግዲህ እንዲህ ያለው ሰው ነው ባሕር ተሻግሮ፣ አል ኹበር ውስጥ አል ራዋቢ በሚባለው የቪላ ሰፈር፣ የአንድ ትልቅ ቤት የቢላዋ መርማሪ ሆኖ የተሾመው።

ጥፋቱ የአረብኛዬ ነው። እዚያ ቤት ሹፌር ሆኜ በገባሁ በሳምንቴ ካፊሌ፣ ማለት አሠሪዬ፣ አቡ ፈይሰል የአባቴን ሥራ ጠየቀኝ። (እዚህ ላይ «ጠየቁኝ» ማለት ነበረብኝ፤ ሰውዬው ሽማግሌ ነው። ግን የኔ አረብኛ አንቱታ ስለማያውቅ በአማርኛም አንተ እያልኩት ቀረሁ።) አባቴ ደሴ ፒያሳ ልብስ ሰፊ ነው። ልብስ ሰፊ በአረብኛ ኸያጥ እንደሚባልም አውቅ ነበር፤ አውሮፕላን ላይ ከአንዲት የቃላት መጽሐፍ ሳጠናው ነው የመጣሁት። ችግሩ በመጽሐፏ ውስጥ ኸያጥና ሐዳድ አንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ነበሩ። ምላሴ ሁለቱን አማርጣ ሐዳድ አለች። ሐዳድ ለካ ብረት ቀጥቃጭ ኖሯል።

አቡ ፈይሰል ጡረታ የወጣ መሐንዲስ ነው። ዕድሜውን ከብረት ጋር ስለጨረሰ፣ ብረት የሚያውቅ ሰው ሲያገኝ የጠፋ ዘመዱን ያገኘ ያህል ደስ ይለዋል። እጆቼን ገለባብጦ አያቸው። በገዛ እጁ ሻይ ቀዳልኝ። ስህተቴን ያወቅሁት ከወር በኋላ ነው፤ የአገሬ ልጆች ተጋርተው በሚኖሩበት የቱቅባ ሰፈር ቤት ዓርብ ዕለት ምሳ ስንበላ ነገሩን ባወራላቸው፣ ሁሉም እጁን ከትሪው ላይ አንስቶ ሳቀብኝ። እስከዚያ ድረስ ግን አቡ ፈይሰል የሐዳድ ልጅ እንደቀጠረ ለሦስት እንግዶች ተናግሮ ነበር። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ዝም አልኩ። ዝምታዬም በየወሩ እየወፈረ ሄደ።

በብርድ ወራት እዚህ አገር ያለ ሰው ቪላውን ዘግቶ በረሃ ይወጣል። ቤት ያለው ሰው ድንኳን ውስጥ ለማደር ለምን እንደሚቸኩል መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። አቡ ፈይሰልም ከወንድሙ ከአቡ ናስር ጋር በየዓመቱ ይወጣል። ዓምና ግን ማገዶ ሲፈልጥ የቢላዋው እጀታ እጁ ላይ ቀረ፣ ብረቱ በራሱ መንገድ ሄደ። አቡ ናስር ይህን ነገር ዓመቱን ሙሉ አወራው። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ሳይቀር አንስቶታል አሉ። ስለዚህ አቡ ፈይሰል ዘንድሮ ለበረሃ የሚሆን ትልቅ ቢላዋ ከውጭ አዘዘና፣ ዕቃው ደማም ከተማ መድረሱ ሲነገረው እንዳመጣው እኔን ላከኝ።

ሣጥኑን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ከፈትነው። ቢላዋው ከክርኔ እስከ አንጓዬ ይደርሳል፣ ወርዱ መዳፍ ነው፣ ጀርባው ጣት ያክላል። ከካራ ይበልጣል፣ ከገጀራ ትንሽ ያንሳል፤ በመሃሉ ላለው ነገር ደግሞ እኛ አገር ስም አላወጣንለትም። የጣሪያው መብራት ብረቱ ላይ አርፎ እንደ ውሃ ይንቀሳቀሳል። አቡ ፈይሰል አራስ ቤት እንደገባ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ማሻአላህ» አለ። እኔም አልኩ። ከዚያ እጀታውን ወደኔ አዞረው።

«አንተ የሐዳድ ልጅ ነህ። አንድ ሳምንት ወጥ ቤትም ደጅም ፈትነውና እውነቱን ንገረኝ። ዘንድሮ አቡ ናስር ፊት አላፍርም።»

ተቀበልኩት። እጄ በክብደቱ ይሁን በሐፍረቱ እንጃ፣ ወደ መሬት ወረደ።

ወጥ ቤቱ የእትዬ ዘሃራ ነው። እትዬ ዘሃራ የወሎ ሴት ናቸው፤ ሃምሳ ዓመት ያልፋቸዋል፣ በዚያ ቤት ምግብ ሲያበስሉ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው። ነገር አያበዙም። ስለ ሩዝና ስለ ጨው ካልሆነ ቃል አያባክኑም። ቢላዋውን አንድ ጊዜ አዩት፣ እኔን አንድ ጊዜ አዩኝ፣ ከሁለታችን የሚያሰጋው የትኛው እንደሆነ ለይተው ወደ ድስታቸው ተመለሱ።

ፈተናውን በወረቀት ጀመርኩ። ወረቀት አንጠልጥዬ ስለቱን ባስነካው፣ ወረቀቱ ሁለት መሆኑን ያወቀው መሬት ከደረሰ በኋላ ነው። ቀጥዬ የክንዴን ጸጉር ሞከርኩ፤ እንደ ምላጭ ጠርጎ ወሰደው። አንዱ ክንዴ መላጣ፣ አንዱ ጸጉራም ሆኖ ሲያስጠላኝ ሁለተኛውንም ላጨሁት። ቲማቲም ላይ ስደርስ ፍርሃቴ ለቀቀኝ። የቆረጥኳት ቁራጭ ከመሳሳቷ የተነሳ መስኮቱ ላይ ብይዛት የጎረቤቱ ቪላ በቀይ ታየኝ። በዚህ ዓይነት ብረት እንዴት ሰው ይህን ያህል ስስ ነገር ይሠራል ብዬ አምላኬን አመሰገንኩ። ለእትዬ ዘሃራ ባሳያቸው፣ በዚህ አያያዜ ሰላጣው ለረመዳን ይደርስ እንደሆነ ጠየቁኝ።

ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚባለው እውነት ነው። ጥቅል ጎመን አመጣሁ። በአንድ ምት ለሁለት ከፈልኩት። ጎመኑ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ከሥሩ ያለው የፕላስቲክ መክተፊያም ተሰንጥቆ፣ ከመክተፊያው በታች ያለው እብነ በረድ ላይ ቀጭን መስመር ተሰምሯል። ሦስት ነገር በአንድ ምት። መስመሯን በጣቴ ዳሰስኳት። መደንገጥ ሲገባኝ ኮራሁ፤ ሰው ሲጠፋ እንዲህ ነው የሚጠፋው።

ከማቀዝቀዣ እንደ ድንጋይ የደረቀ ዶሮ አወጣሁ። እትዬ ዘሃራ ትንሽ እስኪቀልጥ ተወው አሉኝ። ይህ ቢላዋ የሚጠብቅ ቢላዋ አይደለም አልኳቸውና በሁለት እጄ አነሳሁት። ዶሮው ተሰነጠቀ። ግማሹ በጨዋ ደንብ ቦታው ላይ ቀረ። ግማሹ ግን እብነ በረዱ ላይ ተንሸራቶ፣ የጠረጴዛውን ርዝመት በሙሉ አቋርጦ፣ ለእንግዳ ሻይ ተሞልቶ የተቀመጠውን የማዳምን፣ የአቡ ፈይሰልን ሚስት፣ ፔርሙዝ መታው። የፔርሙዝ ሆድ ሲሰበር የሚያሰማውን ድምፅ ታውቁታላችሁ፤ ዕቃ ሳይሆን ተስፋ የሚሰበር ነው የሚመስለው።

ማዳም መጣች። ሙሽኪላ አለ ወይ ብላ ጠየቀች። እኔ ቢላዋውን በሁለት እጄ ይዤ፣ ክንዶቼን ተላጭቼ፣ ሻይ ላይ ቆሜ፣ ማፊ ሙሽኪላ፣ ምንም ችግር የለም፣ አልኳት። መክተፊያውን አየች፣ እብነ በረዱን አየች፣ ፔርሙዙን አየች። ከሁሉም ክንዶቼን ስታይ ቆየች። ከዚያ «ኸላስ» አለችና በሩን አመለከተች። ቢላዋው ያለ ኹሩጅ፣ ያለ መውጫ ቪዛ፣ ከወጥ ቤት ተባረረ።

በቀሩት ቀናት ግቢ ውስጥ የተምር ዛፎቹን ዘንባባ ቆረጥኩበት። እዚያስ አቻ አልተገኘለትም። ደረቁ ዘንባባ እንደ ክር ይበጠሳል፤ አንዱን ስጥል ሌላው ያምረኛል። ሳምንቱ ሲያልቅ ዛፎቹ አዲስ የተመለመሉ ወታደሮች መስለው ቆሙ። የቢላዋው ስለት ግን ቅንጣት አልተነካም። ማታ ማታ እያጠብኩ፣ እያደረቅሁ፣ ዘይት እየቀባሁ አፎቱ ውስጥ ሳስገባው፣ ዕድሜዬን ሙሉ ስሸሸው የኖርኩትን ነገር እንዲህ መውደዴ ይገርመኝ ነበር። ለአቡ ፈይሰልም እውነቱን ነገርኩት፤ እንዲህ ያለ ብረት አይቼ አላውቅም አልኩት። ይህ ውሸት አልነበረም። ሌላ ምን ብረት አይቼ አውቃለሁ?

ሐሙስ ጓዛችንን ጭነን ወጣን። ከኹበር ወደ ደቡብ ወርዶ፣ የባሕሩን ዳርቻ አልፎ፣ አሸዋው ኮረብታ ኮረብታ የሚሠራበት ቦታ አለ። ሁለት ድንኳን ተከልን፤ አንዱ የወንዶች፣ አንዱ የማዳምና የእትዬ ዘሃራ። በሁለቱ መካከል መኪኖቹ ቆሙ። አቡ ናስር ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠና፣ ዘንድሮ እጀታው ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ጠየቀ።

አቡ ፈይሰል በዓይኑ ጠራኝ። ደረቅ የግራር ግንድ አቆምኩ፣ ቢላዋውን ጫፉ ላይ አስደግፌ ጀርባውን በሌላ እንጨት መታሁት። ግንዱ እንደ ዳቦ ተከፈለ። ሁለተኛው። ሦስተኛው። አቡ ናስር ወንበሩን አቀረበ። አራተኛው። አምስተኛው። አቡ ፈይሰልን ብታዩት፣ ፊቱ ዓመት ሙሉ ያቃጠለው ነገር ሲወጣለት እየበራ ነው። እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ ይህ ወግ አይኖርም ነበር። ስድስተኛውን ግን ለማሳመር ፈለግሁ። በአንድ እጄ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ከአየር ላይ። ማታ የቀባሁት ዘይት ደግሞ እጀታው ላይም ነክቶ ኖሯል።

ቢላዋው ከእጄ ወጣ። ማንም ላይ አልደረሰም፤ አልሐምዱሊላህ። በአየር ላይ አንድ ጊዜ ተገለበጠ፣ የወንዶቹን ድንኳን ወጥሮ የያዘውን ገመድ በጠሰ፣ ሸራውንም ክንድ ያህል ቀዶ አሸዋው ላይ ቀጥ ብሎ ተተከለ። ድንኳኑ ትልቅ ሰው እንደሚተነፍስ ተነፈሰና ቀስ ብሎ ተቀመጠ። አቡ ናስር ሳቁን ለመጀመር አየር ሲስብ አየሁት።

አቡ ፈይሰል ተነሥቶ ሄዶ ቢላዋውን ነቀለው። እንደተቆጣ አይመስልም፤ የተጨነቀ ነው የሚመስለው። አባቴ ስለት እንዴት እንደሚያዝ አላስተማረኝም ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ያ የወፈረው ዝምታዬ ያን ጊዜ አቃተኝ።

«አባቴ ሐዳድ አይደለም» አልኩት። «ኸያጥ ነው። ቃሉ ነው የተሳሳተብኝ።»

አቡ ናስር እንኳ ሳቁን ያዘ። ከዚያ አቡ ፈይሰል ከመኪናው የመሣሪያ ሳጥን ውስጥ ትልቅ መርፌና ወፍራም ክር አውጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ።

«እንግዲያው ድንኳኑን ስፋ» አለኝ።

መስፋትም አልችልም። ይህን ደግሞ በዚያች ደቂቃ ለመናገር አልደፈርኩም። ከዐስር ሶላት በኋላ አሸዋው ላይ ቁጭ ብዬ፣ ቢላዋውን ለክር መቁረጫ አጠገቤ አጋድሜ፣ ሸራውን ስወጋ፣ ሸራው እኔን ሲወጋኝ ነው የግመሎቹ ጩኸት የተሰማው።

ሃያ የሚሆኑ ግመሎች ያለ እረኛ ከኮረብታው ጀርባ ወጥተው ነበር። ከእኛ በፊት የሰፈረ ሰው የድንኳን ካስማውን ከነናይሎን ገመዱ አሸዋ ውስጥ ትቶ ሄዷል። የሳምንታት ዕድሜ ያለው አንድ ግልገል ገመዱ ውስጥ ገብቶ፣ ሲሮጥ ካስማው ያዘው። በደነገጠ ቁጥር ዞረ፣ በዞረ ቁጥር ገመዱ ጠበቀ፤ አንገቱንና የፊት እግሩን አንድ ላይ አስሮ ጣለው። ስንደርስ ምላሱ ወጥቶ ዓይኑ ነጭ ሆኗል። እናቱ በላዩ ቆማ አረፋ እየደፈቀች ታጓራለች። አቡ ናስር የግመሎቹን ባለቤት ለመጥራት ስልኩን አወጣ፤ ስልኩ ግን መስመር አልያዘም። አቡ ፈይሰል ሊጠጋ ሲል አንገቷን እንደ አለንጋ ወርውራ መለሰችው።

ቢላዋው እኔ እጅ ነበር። ሁለቱም አዩኝ። ሦስት እርምጃ ወደ ፊት ሄድኩ። ግመሏ አየችኝ። አምስት እርምጃ ወደ ኋላ ተመለስኩ። የግልገሉ እግር መወራጨቱን ሲቀንስ አየሁ። እዚያ ቆመን አንድ ነፍስ ሲወጣ ልናይ ነው።

«ስጠኝ» የሚል ድምፅ ከጀርባዬ ሰማሁ። በአማርኛ።

እትዬ ዘሃራ ናቸው። ሊጥ ከእጃቸው አልለቀቀም። ቢላዋውን ከእጄ ወስደው ከቀሚሳቸው እጥፋት ጋር ደበቁትና መሄድ ጀመሩ። ወደ ግመሏ ግን አልሄዱም። የሚያልፉ መንገደኛ መስለው፣ ጎናቸውን ሰጥተው፣ በሰፊው ዞሩ። በከንፈራቸው አማርኛም አረብኛም ያልሆነ ዝቅ ያለ ድምፅ እያሰሙ ነበር፤ ሕፃን ሲያባብሉ ከሚሰማው ይወፍራል። አንድ ዙር፣ ከዚያ ጠበብ ያለ ሁለተኛ ዙር። የግመሏ ማጓራት እየወረደ ሄደ። ጆሮዋን ወደሳቸው አዞረች።

ግልገሉ አጠገብ ተንበረከኩና ጠሩኝ።

«ና፣ ጭንቅላቱን ያዝ። ግመሏን አትያት። እጄን ብቻ እይ።»

እንዴት እንደሄድኩ አላስታውስም። የግልገሉን ጭንቅላት ጭኔ ላይ ሳደርግ፣ ሙቀቱ ሱሪዬን አልፎ ተሰማኝ። ሽፋሽፍቶቹ የሰው ይመስላሉ። ከበላዬ የእናቱ ትንፋሽ አንገቴ ላይ ይነፍሳል፣ ምራቋ ሸሚዜ ላይ ይንጠባጠባል። አላየኋትም። እጃቸውን ብቻ አየሁ። ገመዱ ሥጋው ውስጥ ሰጥሟል። እትዬ ዘሃራ ሁለት ጣቶቻቸውን በገመዱና በቆዳው መካከል እያወዛወዙ አስገቡ። ያን የሚያህል ቢላዋ፣ ጎመንና መክተፊያ አንድ ላይ የቆረጠውን፣ ጫፉ አካባቢ ይዘው፣ በጣቶቻቸው ጀርባ ላይ አጋደሙት፤ ስለቱን ወደ ላይ። አልገፉትም፣ አልጎተቱትም። ዘንበል አደረጉት። ገመዱ ትንሽ ድምፅ አሰምቶ ተበጠሰ። ሁለተኛውን ጉልበቱ ላይ። ሦስተኛውን ጉሮሮው ሥር፤ እዚያ ጣታቸው እንኳ አልገባም፣ ጥፍራቸውን ብቻ ነው ያስገቡት። አንድ ጸጉር አልቆረጡም።

ግልገሉ አልተነፈሰም። ደረቱን በመዳፋቸው ፈተጉት፣ ጠጋ ብለው በአፍንጫው ውስጥ እፍ አሉ። አንዴ፣ ደግመው። ሦስተኛው ላይ ጎኑ ሲነሣ በእጄ ተሰማኝ። ቢስሚላህ ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ፤ መርፌው የወጋኝ ጣቴ ነው ብዬ ለማሳበብ ዝግጁ ነበርኩ፣ የጠየቀኝ ግን የለም። ትንሽ ቆይቶ አራቱን ቀጫጭን እግሮቹን በአራት አቅጣጫ ልኮ፣ እንደምንም ሰብስቧቸው ቆመ። እናቱ አሸተተችው። ከዚያ ረጅሙን አንገቷን አጥፋ የእትዬ ዘሃራን ሻሽ አሸተተች። እሳቸው አልተንቀሳቀሱም።

ወደ ኋላ ስንመለስ አቡ ፈይሰል መንገዳቸው ላይ ቆመ። ይህን ከየት እንዳገኙት ጠየቃቸው። አባታቸው ባቲ ላይ ግመል ነጋዴ እንደነበሩ፣ እስኪያገቡ ድረስ ከግመል ጋር እንዳደጉ ነገሩት።

«አሥራ አንድ ዓመት ቤቴ ኖረሽ አልነገርሽኝም» አለ።

«አንተ ስለ ሩዝ ነው የጠየቅኸኝ» አሉት።

እኔም ያንኑ ጊዜ ራሴን ጠየቅሁ፤ አብሬያቸው ሁለት ዓመት ስኖር እኔስ ከጨው ሌላ ምን ጠይቄያቸው አውቃለሁ?

የጠፉትን ግመሎች ዱካ ተከትሎ እረኛው በፒክአፕ ደረሰ። አደም የሚባል ሱዳናዊ ሽማግሌ ነው። ለማንም ሰላምታ ሳይሰጥ በቀጥታ ወደ ግልገሉ ሄደ፣ አንገቱን በጣቱ ዳበሰ፣ የተቆረጡትን ገመዶች አንሥቶ አያቸው። ከዚያ አሸዋው ላይ ያለውን ዱካ ማንበብ ጀመረ። የኔን ሲያይ፣ ሦስት መጥቶ አምስት የተመለሰው ሰው ማን ነው ብሎ ጠየቀ፤ ወደ ሰማይ ተመለከትኩ። ክብ የሠራውን ዱካ ሲያገኝ ግን ጎንበስ ብሎ ዙሩን እስከ መጨረሻው ተከተለው። ቀና ሲል እትዬ ዘሃራ ራቅ ብለው ቆመው አያቸው።

ከመኪናው ጎድጓዳ ሳህን አወጣ። እናቲቱን በአንድ እግሩ ቆሞ፣ ሳህኑን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ አለባት። አረፋው ከሳህኑ አፍ በላይ ተነሣ። በዚህ አገር ወግ ወተቱ በመጀመሪያ ለታላቁ ወንድ ነው የሚሰጠው። አቡ ናስር ታላቅ ስለሆነ እጁን ዘርግቶ ነበር። አደም በተዘረጋው እጅ አጠገብ አለፈ፣ በአቡ ፈይሰልም አጠገብ አለፈ፤ እትዬ ዘሃራ ዘንድ ደርሶ ሳህኑን በሁለት እጁ ሰጣቸው።

ማዳም ከድንኳኗ በር ላይ ቆማ ታያለች። እትዬ ዘሃራ ጀርባቸውን ሰጡን፣ ቢስሚላህ ብለው ሳይቸኩሉ ጠጡ። የሳህኑን ከንፈር በሻሻቸው ጫፍ ጠርገው ዞሩና ለአቡ ፈይሰል አቀበሉት። ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀምጦ ነበር፤ ተነሥቶ፣ ቆሞ ተቀበላቸው። ከሱ ወደ አቡ ናስር ሄደ። በመጨረሻ እኔ ዘንድ ሲደርስ የቀረው አረፋ ብቻ ነው። ጠጣሁት ከምል ተነፈስኩት ብል ይቀላል፤ ከንፈሬ ላይ ሞቅ ብሎ ጠፋ። ቢላዋው ግልገሉ በተኛበት አሸዋ ላይ ተጋድሞ ቀርቷል፤ አቡ ፈይሰል እንኳ ዞር ብሎ አላየውም።

እትዬ ዘሃራ ወደ ድንኳናቸው ሲመለሱ በአጠገቤ አለፉ። ባለሙያን በሰው ፊት ማረም ነውር ስለሆነ፣ ለኔ በአማርኛ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ። መጨረሻ ላይ ያለችው ግራጫዋ ግመል በዚህ ሳምንት ትወልዳለች፣ ራቅ አድርጎ እንዳያሰማራት ለእረኛው ንገረው አሉኝ።

ነገርኩት። አደም መጀመሪያ ፈገግ አለ፤ ገና ሁለት ወር ይቀራታል አለኝ። ከዚያ ዞሮ ግራጫዋን አያት። ጎኗን አየ፣ ጅራቷን አየ፣ ጠጋ ብሎ ጡቷን ዳበሰ። ተመልሶ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። እትዬ ዘሃራ ወደገቡበት ድንኳን ተመለከተና፣ ማንም እንዳይሰማው ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ፣ ስለቀሩትም ግመሎች አንድ በአንድ እሳቸውን እንድጠይቅለት ለመነኝ።